አንዱን ጎተራ ብቻ ማጽዳት አይበቃም

ነቀዝ የገባበት ሰው አንዱን ጎተራ ጠርጎ ከጎኑ ያለውን ቢተወው ድካሙ ከንቱ እንደሚሆን በዋጫ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ነገር ግን መዝገባችን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ ወዲህ፥ በጎተራ ያወቅነውን ጥበብ በጽሕፈት ቤታችን ውስጥ የረሳነው ይመስላል። ስለዚህ በእኔ የደረሰውን ለክቡራን አንባቢዎች ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

እኔ የአንድ ቡና ነጋዴ ጸሓፊ ነኝ። በቀይ እሸት መግዣ ወራት ለገበሬዎች የሚከፈለውን ሒሳብ ለማሳተም ፍላሽ ይዤ ወደ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ሄድሁ። ተመልሼ በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ብሰካው፥ ሰነዶቹ ጠፍተው በየስማቸው ሾርትከት የሚባለው ምልክት ብቻ ቆሞ አገኘሁ። ሳላስተውል አንዱን ብከፍተው ትሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ገባ፤ ከዚያም በተሰካው ፍላሽ ሁሉ ላይ ይተላለፍ ጀመር። አሠሪዬ የገበሬዎቹን ሒሳብ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ያ መዝገብ ቢጠፋ ኖሮ፥ በገበሬውና በነጋዴው መካከል ያለው መተማመንም አብሮት በጠፋ ነበር።

አንዳንዶች ኮምፒዩተሩ ፎርማት ይደረግ ብለው መከሩኝ፤ እኔ ግን አልተቀበልሁም። እንዲህ ያለው ትል ብዙውን ጊዜ ሰነዱን ይሸሽገዋል እንጂ አይደመስሰውም፤ ስለዚህ ትሉ ያላደረሰውን ጥፋት በገዛ እጃችን ማድረስ ይሆንብን ነበር። የሚሻለው ለዚሁ የተዘጋጀ ማጽጃ ፕሮግራም ነው። አንቲቫይረስ ዘወትር በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ሲሆን፥ ማጽጃው ግን ሌባው ከገባ በኋላ ተጠርቶ የሚያውቃቸውን ትሎች አድኖ የሚያስወጣ ነው። የማይክሮሶፍት ኩባንያ እንዲህ ያለውን ማጽጃ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ዋጋ ሲያድል ቆይቷል።

በኅዳር 2001 ዓ.ም. የተነሣው ኮንፊከር የተባለ ትል በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮችን ይዞ ነበር። የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን አስቀድሞ በጥቅምት ወጥቶ ነበር፤ የተጠቁት በአብዛኛው ያን ያልጫኑት ናቸው። ትሉ በኔትዎርክ፥ በደካማ የይለፍ ቃልና በፍላሽ ይተላለፍ ነበር። ከዚህም በላይ የጸረ ቫይረስ ድርጅቶችን ገጾች ስለሚዘጋ፥ ማጽጃውን ከንጹሕ ኮምፒዩተር አውርዶ ማምጣት ግድ ሆነ።

እኛም ይህንኑ ሥርዓት ተከተልን። የኔትዎርኩን ገመድ ነቀልን፤ ማጽጃውን ከሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር በሲዲ አመጣን፤ ትሉ ከወጣ በኋላ የተሸሸጉትን ሰነዶች ገለጥን። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ቀን ትሉ ተመልሶ መጣ። በሚዛን ቤቱ ያለውን አንድ ፍላሽ ሳናጸዳ ትተነው ኖሯል!

ከዚህ የተነሣ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የንግድ ምክር ቤታችን አንድ ንጹሕ ኮምፒዩተርና በየጊዜው የሚታደስ ማጽጃ ያኑር፤ አባሎችም በአንድ የተወሰነ ቀን ኮምፒዩተራቸውንና ፍላሻቸውን ሁሉ ያስመርምሩ። ለማሳተሚያ የሚላከው ፍላሽ ሌላ ሰነድ የሌለበት ይሁን፤ ሲመለስም ሳይመረመር አይሰካ። የሒሳቡም ቅጂ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ዊንዶውስ 10ም ነጻ የተለመደ ድጋፉ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፥ በእርሱ የሚሠሩ ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል።

ይህ ለወጣቶች የሚተው ነገር ነው የሚሉ አሉ። ወጣቱ ማጽጃውን ሊያመጣ ይችላል፤ ነገር ግን የሁሉንም መሥሪያ ቤት በር በአንድ ቀን ማስከፈት የሚችለው የነጋዴዎች ስምምነት ብቻ ነው። የጎረቤቱን ነቀዝ ችላ ያለ የራሱን እህል አያተርፍምና፥ ምክር ቤታችን ሳይዘገይ እንዲመክርበት በአክብሮት አሳስባለሁ።