ውሃ ፈርቶ መድኃኒት መዋጥ





በዊንጌት ሠፈር የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለደም ብዛት የታዘዘልኝን፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን የሚያሸና ኪኒን በየጧቱ እወስዳለሁ። መድኃኒቱ ኩላሊት ጨውንና ውሃን በሽንት አብዝቶ እንዲያስወጣ ያደርጋል። ታዲያ ከዊንጌት ፒያሳ እስክደርስ በታክሲ ሰልፍ ላይ ሽንት እንዳይዘኝ፤ በመሥሪያ ቤትም የመጸዳጃውን ቁልፍ ከዘበኛ እንዳልለምን ስል ውሃ መጠጣት ተውሁ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ኪኒኑን ውጬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳልቀምስ እውል ነበር። አንድ ቀን ከወንበሬ ብድግ ስል ዓይኔ ጨልሞብኝ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ወደቅሁ። ጓደኞቼ «ደም ብዛቱ ተነሥቶበት ነው» አሉ፤ ሲለካ ግን እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ሐኪሙ እንዳስረዱኝ የአፍ መድረቅ፤ የሽንት መጥቆር፤ ብድግ ሲሉ ማዞርና የባት መሸማቀቅ ሰውነት ውሃ ማጣቱን ያመለክታሉ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረ ኩላሊት ይጎዳልና ቶሎ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ኪኒኑን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ ጥፋት ነው። ውሃም ቢሆን ለሁሉ እኩል አይታዘዝም፤ ልቡ ደክሞ እግሩ ለሚያብጥ ሰው ልኩን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የነፍስ አባቴንም ባማክር ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን እንዲጾም እንደማያስገድድ ነገሩኝ። ለሰው ዓይን ያፈርሁት እኔው ነበርሁ!

አሁን በልኩ እጠጣለሁ። የመጸዳጃው ቁልፍ ግን ዛሬም ከዘበኛው ኪስ አልወጣም፤ አለቆቻችን በሥራ ሰዓት ክፍት ይሁን ብለው ቢያዙልን ምን ይጎድልባቸዋል?

የዘወትር አንባቢዎ፤ ከዊንጌት