ማንነቱ ያልታወቀ ጠመንጃ አይጠገንም

አሜሪካኖች ፓምፕ የሚሉት የአደን ጠመንጃ አሠራሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ከአፈሙዙ ሥር ያለው የእንጨት እጀታ ወደ ኋላ ሲሳብ ቦልቱ ተከፍቶ ባዶውን ቀለህ ያወጣል፤ ወደ ፊት ሲገፋ አዲስ ጥይት አጉርሶ ይዘጋል። ተኳሹ ሰደፉን ከትከሻው ሳያወርድ ይደግማል። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ደኖች አጋዘን ለሚያድን ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በተለይ በፔንስልቬንያ፣ በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ለትልልቅ አውሬ አደን ለረጅም ዘመን ክልክል ስለነበር፣ ፓምፑ የብዙ አዳኝ ምርጫ ሆኖ ኖረ። ዛሬ እነዚያ ጠመንጃዎች ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፉት ከነችግራቸው ነው። አንዱ አልከፈት ይላል፣ ሌላው ቀለህ ይይዛል፣ የሦስተኛውን ጥይት የሚያውቅ ሰው ጠፍቷል። በተለመደው አሠራር ጠመንጃውን መለየት የሰብሳቢ፣ ብልሽቱን መፈለግ የጠጋኝ ሥራ ነው። እኔ ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም እላለሁ፤ የጠመንጃውን ማንነት ያላወቀ ሰው የትኛው ጠባይ፣ የትኛው ደግሞ ሕመም እንደሆነ ሊፈርድ አይችልም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ጆን ፒደርሰን የነደፈውና ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1912 ለገበያ ያቀረበው ሞዴል 14 ነው። ጥይቶቹ የሚደረደሩት ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ነው። እንዲህ ባለ ቱቦ ውስጥ ሹል አረር አደገኛ ነው፤ ጫፉ የፊተኛውን ጥይት መለኮሻ ተጭኖ ስለሚቀመጥ ጠመንጃው ሲረግጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ፒደርሰን መላ ያበጀው ቱቦውን እንደ ገመድ በመጠምዘዝ ነው። ጥይቶቹ በጠመዝማዛው ምክንያት ጋደል ብለው ስለሚተኙ የአረሩ ጫፍ ከመለኮሻው ላይ አያርፍም። ይህን የማያውቅ ሰው ቱቦውን ሲያይ የተጣመመ ይመስለዋል፤ ሊያቃናው ከተነሣ ደግሞ ደህናውን ዕቃ በገዛ እጁ ያበላሸዋል። በአንጻሩ በዚያው ስስ ቱቦ ላይ ያለች ትንሽ ስርጉድ እውነተኛ ብልሽት ናት። ቱቦው ከእጀታው ጋር አብሮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚሄድ ስርጉዷ ጥይቱንም እንቅስቃሴውንም ልትይዝ ትችላለች። ጠምዛዛውና ስርጉዱ አንድ ቱቦ ላይ እያሉ ጤናውን ከሕመሙ የሚለየው የሞዴሉ እውቀት ብቻ ነው።

በ1952 የመጣው የሬሚንግተን ሞዴል 760 ሌላ ፍጥረት ነው። ቱቦው ቀርቶ ከሥር የሚገባ ተነቃይ ካዝና ይዟል፤ ቦልቱም በብዙ ጥርሶች ተሽከርክሮ ስለሚቆለፍ እንደ 30-06 ያለውን ኃይለኛ ጥይት ይችላል። የራሱ ሕመምም አለው። ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ ተጣብቆ ሲቀር ብዙ ሰው ወዲያው የሚከሰው ቀለሁን የሚስበውን መንጠቆ ነው። መንጠቆው በእርግጥ ሊሰበር ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ጥይቱ የሚጎርስበት ጉሮሮ መታየት አለበት። በእጅ የሚዞር ቦልት ያለው ጠመንጃ ቀለሁን መጀመሪያ በመጠምዘዝ ኃይል ፈልቅቆ ያላቅቀዋል፤ ፓምፑ ግን ይህ ኃይል እምብዛም ስለሌለው በቀጥታ ይጎትታል። በዚያ ላይ የ760 አካል ከኋላ ዝግ ስለሆነ መወልወያው ዘንግ የሚገባው ከአፈሙዙ ጫፍ ነው። እድፉ ወደ ጉሮሮው ተገፍቶ ይቀራል፤ ዝገት ግድግዳውን ይበላዋል፤ በተተኮሰ ጊዜ ያበጠው ቀለህ በዝገቱ ጉድጓዶች ላይ ይነክሳል። እንዲህ ሆኖ ሳለ መንጠቆ መቀየር አዲሱንም መንጠቆ ማስሰበር ነው።

«ሁሉም ነገር ብረቱ ላይ ተጽፎ የለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተጽፏል፤ ጽሑፉም ቢሆን አንባቢ ይፈልጋል። ሬሚንግተን ከ1921 ጀምሮ በአፈሙዙ ግራ ጎን፣ ከአካሉ መጋጠሚያ አጠገብ፣ ወርና ዓመት የሚገልጹ ፊደላት ይመታ ነበር። የዓመቱ ፊደላት ግን ዙር አላቸው። «ኤ» የተባለችው ፊደል 1932ንም 1954ንም ታመለክታለች። ሞዴል 14 በ1935 ስለተቋረጠ በእርሱ ላይ ስትገኝ የመጀመሪያውን ዓመት፣ በ760 ላይ ስትገኝ ደግሞ ኋላ የመጣን ዙር ትናገራለች። እንግዲህ ምልክቱ ሞዴሉን አይነግረንም፤ ሞዴሉ ነው ምልክቱን የሚያስነብበው። ከዚህም ሌላ ፊደሉ የሚመሰክረው ለአፈሙዙ ብቻ ነው። አፈሙዝ ደግሞ ይቀየራል።

የጥይቱ ነገር ከዚህም የከፋ ጥንቃቄ ይሻል። በሞዴል 14 አካል ግራ ጎን ላይ የቀለህ ቂጥ ተቀብሮ የሚጎርሰውን ጥይት ያሳያል፤ ብልህ ዘዴ ነው። ነገር ግን «30 ሬሚንግተን»ን ያየ ሰው እንደልብ ከሚገኘው 30-30 ጋር ሊያምታታው ይችላል። ኃይላቸው ቢቀራረብም 30-30 ከቂጡ ከንፈር አለው፣ 30 ሬሚንግተን የለውም። በ760 በኩል ደግሞ አጭሩ 308 በ30-06 ጉሮሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሲተኮስ ግን ቀለሁ ያለ ደጋፊ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ጉሮሮው በኋላ ዘመን ሰፍቶ ለሌላ ጥይት ተስተካክሎም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ባለሙያ የጉሮሮውን ቅርጽ በቀላጭ ብረት ቀድቶ ይለካው፤ ጥይት እየጎረሱ መሞከር መለኪያ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጠጋኞች ነው። የአብዛኞቹ ችግር የደረቀ ቅባት ስለሆነ አጽድቶ መሞከር ይበቃል ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ለአሠርት ዓመታት የቆየ ዘይት እንደ ሙጫ ጠንክሮ መርፌውንም ሞላውንም ይይዛል፣ ጽዳትም ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ጽዳት የማይፈታውን ግን ምን እናድርገው? ቃታው ተወጥሮ እጀታው አልሳብ ሲል ጠመንጃው የተነከሰ ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ እስኪተኮስ ወይም መልቀቂያው እስኪነካ ተቆልፎ እንዲቆይ የተሠራ ነው። በጉልበት የሳበው ሰው ቅባት ሳይሆን ብረት ይሰብራል። የሞዴል 14ን መለዋወጫ ደግሞ ፋብሪካው መሥራቱን ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የተሰበረው ብዙውን ጊዜ የሚተካው ከሌላ አሮጌ ጠመንጃ ተነቅሎ ነው። ጥገናው እንዲህ ውድ በሆነበት ቦታ ግምት ከሁሉ የበለጠ ያስከፍላል።

የምርመራው ቅደም ተከተል እንግዲህ ከክርክሩ ይወጣል። በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ቱቦ ባለው ጠመንጃ ጉሮሮውን ባዶ ማድረግ አይበቃም፣ አንድ ጥይት ቱቦው ውስጥ ተሸሽጎ እጀታው ሲገፋ ሊጎርስ ይችላልና። ቀጥሎ ካዝናውን አይቶ ሞዴሉን መለየት፣ ከዚያ ፊደሉንና ጥይቱን ከሞዴሉ ጋር ማመሳከር ይገባል። ብልሽት የሚፈለገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል የሚል ካለ አይዋሽም፤ መፍቻ አንሥቶ መጀመር በእርግጥ ይፈጥናል። ነገር ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ አሮጌ መሣሪያን የሚያድነው ሥሩን የያዘ ሰው ነው። ሥሩ ደግሞ የነዳፊው ሐሳብ ነው፤ እርሱን ያልተረዳ ጠጋኝ ያልታመመውን እያከመ የታመመውን ያልፈዋል።