ሊኑክሱን ተዉት፣ ለፕሪንተሩ አድራሻ ስጡት

ሰሞኑን ጂንካ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየኝ) ለጉዳይ ገብቼ ነበር። ከኦሞራቴ የመጡ አንድ አባት የአንድ ገጽ ደብዳቤ ይጠብቃሉ። «ፕሪንተሩ እምቢ ብሏል፣ ነገ ይምጡ» ተባሉ። ነገ? የት አድረው?

ምክንያቱን ብጠይቅ «ኮምፒውተሮቹ ሊኑክስ ናቸው፣ ከፕሪንተር ጋር አይስማሙም። ዊንዶውስ ይጫንባቸው ብለናል» አሉኝ።

ኧረ በናታችሁ! በኔትወርክ ማተምማ ዩኒክስ ከ1980ዎቹ (በአውሮፓውያን) ጀምሮ የኖረበት ሥራ ነው። ሊኑክስ ላይ የሚያትመው ከፕስ የሚባለው ሶፍትዌር ማክ ላይም ያው ራሱ ነው። አንዳንድ ፕሪንተር የራሱን ድራይቨር እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ይሄኛው ግን ትናንት ሲያትም የዋለ ነው!

የሆነው እንዲህ ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለፕሪንተሩ ሌላ አይፒ አድራሻ ሰጠው። ኮምፒውተሮቹ የድሮውን በር ያንኳኳሉ። ዊንዶውስ ቢጫንም ያው ነው።

መፍትሔው፦ ራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ ያዙለት። በየኮምፒውተሩ ብራውዘር ሎካልሆስት:631 ብላችሁ የከፕስን ገጽ ክፈቱ፣ ፕሪንተሩን በዚያው አድራሻ መዝግቡ። ወረፋው ቆሞ ከሆነ እዚያው አስቀጥሉት። አለቀ። አባታችን ደብዳቤያቸውን በዕለቱ ይዘው ሄዱ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አትቀየሙኝ። ይህን ኮምፒውተር ላብ ውስጥ አብረን ሠርተነዋል። አሁን በየወረዳው ተቀምጣችሁ «ሲስተሙ ነው» ስትሉ ስሰማ ያመኛል። ማሽን አፍ የለውም ብላችሁ አታሳብቡበት። አድራሻውን ወረቀት ላይ ጻፉና ፕሪንተሩ ጎን ለጥፉት። የሰው መንገድ አታርዝሙ!