ካዛንቺስን ማን ቆጠረው?

ቲክቶክ ላይ «ካዛንቺስ ድሮና ዘንድሮ» የሚል ዓይነት ቪዲዮ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። መጀመሪያ ዝገት የበላው ቆርቆሮና ጠባብ መንገድ ይታያል፤ ሙዚቃው ከፍ ሲል ደግሞ ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መስመርና የመብራት ዓይነት ይመጣል። ኮሜንቱ ላይ ግማሹ «እሰይ» ይላል፣ ግማሹ «ወይ ሰፈሬ!» እያለ ያለቅሳል። እኔ ሁለቱንም ወገን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሕንፃው አለ፣ መንገዱ አለ፣ ሰዉስ የታለ? እዚያ ሰፈር ማን ማን ነበር የሚኖረው?

«ዲሞግራፊ» የሚለው ቃል እኛ አገር ከፖለቲካ ጋር ከተጋባ ወዲህ ሰው ሲሰማው የሚታየው ብሔር ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ስም በተነሳ ቁጥር ጭቅጭቁ «ስንት እጁ የማን ነው?» የሚል ነው። የምንጣላበት ቁጥር ግን የስንት ዓመት ዕድሜ እንዳለው እናውቃለን? የመጨረሻው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የከተማዋ ሕዝብ 2,739,551፣ ካዛንቺስ የሚገኝበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ደግሞ 221,234 ነበር። ከ100 የከተማዋ ነዋሪ 47 ያህሉ አማራ፣ ወደ 20 የሚጠጉት ኦሮሞ፣ 16 ያህሉ ጉራጌ፣ 6 ያህሉ ትግሬ ተብለው ተመዘገቡ። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ይደረጋል ተብሎ ነበር፤ አንዴም ሁለቴም ተራዘመና ቀረ። እንግዲህ ቆጠራው ሲካሄድ የተወለደ ልጅ ዛሬ ስልኩን ይዞ በዚያው ቁጥር ይሰዳደባል ማለት ነው።

ብሔር አይቆጠር እያልኩ አይደለም። ካዛንቺስን ካዛንቺስ ያደረገው ግን ሌላ ስብጥር ነበር፤ ያለውና የሌለው፣ ጡረተኛውና ተማሪው፣ ባለቤቱና ተከራዩ በአንድ አጥር ውስጥ መኖራቸው። ሰፈሩ ሲነሳ የተበተነው ይኼ ነው። የተሟላ መዝገብ ስለሌለው ደግሞ መጥፋቱን እንኳ በቁጥር ማሳየት አይቻልም።

ስብጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የጣሊያንኛ አጠራር ነው፤ ኢንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ነበር። ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የተቀጣሪ ሰፈር ነው ማለት ነው። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመና ቢሮው ለካዛንቺስ ጎረቤት ሆነ። የቢሮ ሰው ባለበት ምሳ አለ፣ ቡና አለ፣ ማምሻ ቤት አለ። ምግብ አብሳዩ፣ አስተናጋጁ፣ ልብስ አጣቢው፣ ሾፌሩ ሥራውን ተከትሎ ገባ።

ከዚያ 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በኋላ ቀበሌ ለምንለው የነዋሪዎች ማኅበር ተሰጡ፤ የቀበሌ ቤት የምንለው የዚያ ውጤት ነው። አዋጁን ውደዱት ጥሉት፣ አንድ ነገር አድርጓል፦ ድሃ ሰው መሃል ከተማ ላይ በጥቂት ብር እንዲኖር አስችሎታል። የቤቶቹ ጣሪያ ሲያፈስ ኖሯል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር። ነዋሪው ግን ወደ ሥራው በእግሩ ይሄድ ነበር።

ያደግኩበት ግቢ አምስት በር ነበረው። አንዱ ውስጥ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር፤ ሁለተኛው ውስጥ ለምግብ ቤቶች እንጀራ የምታቀርብ ሴት፤ ሦስተኛው የእኛ ቤት። አራተኛው ውስጥ ከክፍለ ሀገር የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ቀን ሱቅ ይሠራሉ፣ ማታ ይማራሉ። አምስተኛው ውስጥ ሌሊት ቡና ቤት የምትሠራ እናት ነበረች፤ ልጇ እኛ ጋ ነበር የሚያድረው። የቀበሌ ውል የነበረው ግን ሦስቱ በር ብቻ ነው። ሁለቱ ከተከራይ የተከራዩ ናቸው። ዕድር ላይ ሁሉም ጎረቤት ነው፣ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ ቤተሰብ የሉም።

በ2017 መጀመሪያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ይኼ ልዩነት ዋጋ አስከፈለ። በእኛ ግቢ ውል ያለው ምትክ ቤት አገኘ። ወንድማማቾቹና ያቺ እናት ግን ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው በየፊናቸው ሄዱ። የት እንደገቡ ዛሬም አላውቅም።

ምትክ ያገኙትም ቢሆኑ ነገሩ ቀላል አልሆነላቸውም። ከካዛንቺስ ከተነሱት ብዙዎቹ የገቡት ከተማዋ ጫፍ ላይ፣ ገላን ጉራ ነው። እውነቱን ለመናገር አዲሱ ቤት ንጹሕ ነው፤ የራሱ ሽንት ቤትና ኩሽና አለው። እናቴን «ወደ ድሮው ቤት ትመለሻለሽ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቋት ትስቅባችኋለች። እንጀራ አቅራቢዋ ግን ቤት ስታገኝ ደንበኞቿን አጣች። ምጣዷ ተከትሏት ሄዷል፤ ምሳ የሚበላው የቢሮ ሰው ግን አልተከተላትም። በታክሲ አመላልሳ ትሽጥ እንዳትሉ፣ ትርፉን መንገዱ ይበላዋል።

«ጭቃ ቤት ይናፍቅሃል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይናፍቀኝም። ከተማ ይለወጣል፤ መለወጥም አለበት። የእኔ ጥያቄ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ቆጠራው ነው። አንድ ሰፈር ከመነሳቱ በፊት ውል ያለው ብቻ ሳይሆን እዚያ የሚያድር ሰው ሁሉ ይቆጠር። በየቤቱ ስንት ሰው አለ? ዕድሜው ስንት ነው? ምን ሠርቶ ይበላል፣ ደንበኛውስ የት ነው? ልጁ የት ይማራል? የየትኛው ዕድር አባል ነው? ውጤቱም የማንም ስም ሳይጠቀስ ለሕዝብ ይነገር። ይኼ ቢታወቅ ኖሮ ለእንጀራ ጋጋሪዎች ገበያ አጠገብ ቦታ መፈለግ፣ የአንድ ዕድር አባላትን አንድ ብሎክ ላይ ማስፈር፣ ከተከራይ ለተከራየውም ቢያንስ የመሸጋገሪያ ጊዜ መስጠት ይቻል ነበር። ካልተቆጠረ ግን ያልተቆጠረው ሰው የለም ተብሎ ይታቀዳል፤ ያልነበረ ሰው ደግሞ ተጎዳ አይባልም።

እኛ ወጣቶችም በብሔር ቁጥር ስንናቆር ይኼኛውን ጥያቄ ረስተነዋል። በገቢ የተለያየ ሰው በአንድ አጥር የሚኖርበት ሰፈር ከጠፋ፣ አዲስ አበባ መሃሉ የባለገንዘብ፣ ጫፉ የድሃ ትሆናለች። ያኔ ያለውና የሌለው የሚተያዩት በመኪና መስኮት ብቻ ይሆናል። ማንም ብሔር ይኼን አሸንፌያለሁ ሊል አይችልም።

መንግሥት እስኪቆጥር ድረስ አንድ ነገር እጃችን ላይ አለ። ብዙ የሰፈር ዕድር መዝገብ አለው፦ ማን መቼ ገባ፣ ስንት ቤተሰብ አለው፣ ማን አረፈ፣ ማን ለቀቀ። ብዙው መዝገብ አንድ አዛውንት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ዕቃ ሲጫን ይጠፋል። ሰፈራችሁ ገና ያልፈረሰ ከሆነ በዚህ ሳምንት የዕድሩን ጸሐፊ ፈልጉ። አስፈቅዳችሁ መዝገቡን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፤ ስም ያለበት ነገር ነውና ቴሌግራም ላይ አትበትኑት፣ ለዕድሩ አስቀምጡለት። ከዚያ መዝገቡ ላይ የሌሉትን፣ ከተከራይ የተከራዩትን፣ እነሱው ከፈቀዱ ጨምሩበት። ግሬደሩ ሲመጣ «እዚህ ማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚኖራችሁ ያኔ ነው።