ከበር ላይ «ጠጋ በሉ!»፣ ከገባን በኋላ «ሞልቷል!»



የመንገድ ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ የምንወቅሰው ሾፌሩንና ረዳቱን ነው። ዛሬ እነሱን እንተዋቸውና እስቲ እኛ ተሳፋሪዎቹ ራሳችንን እንይ።

ከመንዝ ደብረ ብርሃን የሚያደርስ ባቡር የለንም። አዲስ አበባ ላይ ግን በጥቅምት 2008 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄድ የከተማ ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ሥራ ጀምሯል። የተሳፈራችሁበት እንደምታውቁት፣ በሩ ሲከፈት ወራጁ ሳይወርድ ተሳፋሪው ይገባል፤ ሁለቱ በር ላይ ይተናነቃሉ። እኛም ይህን አይተን «የከተማ ሰው ሥርዓት የለውም» ብለን ተመልሰናል። ይሁንና ማለዳ መሐል ሜዳ መናኸሪያ ቆሞ ያየን ሰው፣ ያንን የከተማ ሰው ሄዶ ይቅርታ ይጠይቀዋል።

መጀመሪያ ወንበር ያዡን እንውሰድ። መኪናው ገና ሳይቆም ጋቢውን በመስኮት ይወረውራል፤ ከዚያ «ይህ ተይዟል፣ ያም ተይዟል» እያለ ላልመጣ ዘመድ ሁሉ ቦታ ያድላል። ቀጥሎ ባለ ስልኩ አለ። ከሞላሌ እስከ ጣርማ በር እየጮኸ ሲነጋገር፣ በጉን ስንት እንደሸጠና ለማን ዕዳ እንዳለበት መኪና ሙሉ ሰው አውቆ ይወርዳል።

የመስኮቱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ውርጩን በባናና በዝተት ችለን የኖርን ሰዎች ነን። መኪና ውስጥ ግን መስኮት አንድ ጣት ሲከፈት «ዝጋው! ምች ሊመታኝ ነው!» እንላለን። ወዲያው ሙቀቱ፣ የቅቤው ሽታና ከወንበር ሥር የታሰረው ዶሮ አንድ ላይ ሲሆኑ ከኋላ ያለው ልጅ ያስመልሳል። በሳቅ አንለፈው፤ የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ የታፈነ ቦታ ይመቸዋል። ክፍት መስኮት ያለ ገንዘብ የሚገኝ መከላከያ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መኪና በግማሽ እየጫነ በእጥፍ ታሪፍ ሲሄድ መስኮት ክፈቱ ተብለን ከፍተናል። ያኔ በንፋስ የሞተ ተሳፋሪ አልሰማንም።

ከሁሉ የሚከፋው ትርፍ መጫኑ ነው። በር ላይ የቆመው «ኧረ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሰው አይደለንም ወይ!» ይላል። ገብቶ እግሩን ከተከለ በኋላ ግን ተከትሎት ለመጣው «ሞልቷል! የገብስ ጆንያ ነን እንዴ?» ብሎ ይጮሃል። ሁለቱንም የሚለው ያው አንድ ሰው ነው፣ በመካከሉ ያለፈው አንድ ደቂቃ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ረዳቱ «ዝቅ በሉ!» ይላል፤ ሽማግሌው ከነከዘራው፣ እናት ከነልጇ ዝቅ ይላሉ። አታለልነው ብለንም እንስቃለን። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ ሲጠማዘዝ ግን ፍሬኑ የሚሸከመው ክብደት እኛ ዝቅ ስላልን አይቀንስም። ያታለልነው ራሳችንን ነው።

ይህን ስንጽፍ ንጹህ ነን ብለን አይደለም። ባለፈው ሰሞን አንዲት ትልቅ እናት ለዓይን ሕክምና ሲሄዱ ቦታ አጥተው ብረት ይዘው ቆሙ። አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ጋቢ ተቀምጧል፤ ሞላሌ ለሚሳፈር ዘመድ የተያዘ ነው። እሳቸውም ብዙ ከታገሡ በኋላ የጋቢውን ባለቤት «ልጄ፣ ጋቢህን አሞት ነው እንዴ?» አሉት። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ጋቢው የኛ ነበር። አንስተን አስቀመጥናቸው፣ ሳቁ ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

በዕድር ድንኳን ውስጥ ለሽማግሌ ሳይነሳ የሚቀመጥ ሰው በሰፈራችን የለም። መኪና ውስጥስ ምን ነካን? ለሦስትና ለአራት ሰዓት አብረን ስንታጨቅ እኮ ጎረቤት ነን። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ወራጅ ይቅደም። ለነፍሰ ጡር፣ ለበሽተኛና ለአረጋዊ እንነሳ። መስኮቱ ጥቂት ይከፈት፤ የበረደው ይከናነብ። ትርፍ ሲጫን የገባነው ሁላችን አንድ ላይ «አይሆንም» እንበል፤ በር ላይ ስንሆንም ሞልቷል ስንባል እንመለስ። «ዝቅ በሉ» ሲባልም ዝቅ አንበል። ጋቢም ለመልበስ እንጂ ወንበር ለመያዝ አልተሸመነም።

ይህን ያነበበ ላላነበበው ይንገር።