ቲታኒየሙ የት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ2023 አይፎን 15 ፕሮ ሲወጣ ዋናው ወሬ ቲታኒየም ነበር፤ ጠንካራ ነው፣ ቀላል ነው ተባለ፣ እኛም ከፈልን። በ2025 ግን 17 ፕሮ ወደ አሉሚኒየም ዞረ። ምክንያቱ ሙቀት ማስወጣት ነው አሉን። መነሻ ዋጋው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ999 ወደ 1,099 ዶላር! (እርግጥ መነሻ ሜሞሪውም 256 ጊጋ ሆኗል።)

በዚያው ወቅት የወጣው የ799 ዶላሩ ተራ አይፎን 17 የፕሮዎቹን 120 ኸርዝ ስክሪን አግኝቷል። ታዲያ 300 ዶላሩ ለምንድነው? በዋናነት ከሩቅ አቅርቦ ለሚያነሳው ካሜራ ነው። ቪዲዮ ለሚሠራ ያዋጣል፤ ለኢሞና ለዋትሳፕ ግን እኔ አልከፍልም።

ለአገር ቤት የምትገዙ ደግሞ ልብ በሉ፦ ከአይፎን 14 ጀምሮ አሜሪካ የሚሸጠው የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፣ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ተቀባዩ ኢሲም ማውጣት መቻሉን ሳትጠይቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት።