የከተማ ጎርፍና የሐይቅ ዕዳ

ጎርፍ ከከተማ ፈጥኖ ከወጣ ሥራው ተፈጸመ የሚሉ ሰዎች አሉ። በእነርሱ ዘንድ መልካም ቦይ ማለት የክረምቱን ውሃ ከደጃፍ ጠርጎ ወደ ቅርቡ ወንዝ የሚጥል ነው። ይህ አሳብ ለጊዜው ደጃፍን ያደርቅ ይሆናል እንጂ ለአገር የማይበጅ መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን።

ውሃ ከመንገድ ላይ ብቻውን አይሄድም። የከብት ገበያውን እበት፥ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚፈሰውን፥ የልብስ እጣቢውን፥ የላላውንም አፈር ይዞ ይወርዳል። በእነዚህ ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚባሉት የአዝርዕት ምግቦች አሉ፤ ይልቁንም ፎስፎረስ ከደቃቁ አፈር ጋር ተጣብቆ ይጓዛል። በማሳ ላይ ቢያርፉ እህል ያፋፋሉ፤ በሐይቅ ቢከማቹ ግን አረም ያፋፋሉ፤ አረሙም ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ጨርሶ ዓሣውን ያፍናል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። የጎንደር ከተማ ጎርፍ በቀሃና በአንገረብ አድርጎ ወደ መገጭ፥ መገጭም ወደ ጣና ይገባል። ጣና ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም። እምቦጭ በዚህ ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም. ግድም የታየው በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር። ጥፋቱ ሁሉ የከተማ ነው አንልም፤ ከታረሰው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ብዙ ነው። ነገር ግን የባልንጀራ ዕዳ መብዛት የራስን ዕዳ አይሠርዝም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሕዝብ በዘመቻ ወጥቶ አረሙን በእጁ ነቀለ። ምግቡ ሳይቋረጥ አረሙን መንቀል ብቻ ግን ምንጩን ሳይገድቡ ውሃውን በቅል እንደ መጨለፍ ነው።

የደባርቅ ሰው «የስሜን ውሃ የሚወርደው ወደ ተከዜ ነውና ስለ ጣና ምን አገባን?» ይል ይሆናል። በተከዜ ዳርስ የሚጠጣ ሰውና ከብት የለምን? ደግሞም ዕዳው አስቀድሞ የሚከፈለው በራሱ በደጋው ነው። የዳባት ገበሬ ለገብሱ ማዳበሪያ በገንዘቡ ሲገዛ፥ ከገበያው ሜዳ ያለው ማዳበሪያ በጎርፍ ተጠርጎ ገደል ይገባል። ማሳው ተርቦ ወንዙ ይጠግባል ማለት ነው።

ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ፥ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ለተመዘገበው የስሜን ተራሮች ፓርክም መግቢያ ናት። ቆርቆሮውና የተነጠፈው መንገድ በበዛ ቁጥር፥ ቀድሞ መሬት ይጠጣው የነበረው ዝናም ጎርፍ ይሆናል። ስለዚህ የከብት ገበያው ሰኔ ሳይገባ ይጠረግ፤ እበቱም ኮምፖስት ይሁን። ቦዩ ወንዝ ከመድረሱ በፊት በኩሬ ይረፍ፥ በሣር መካከልም ይለፍ፤ አፈሩ ይዘቅጣል፥ ሣሩም ምግቡን ይወስዳል። የጣራው ውሃ በጋን ይጠራቀም።

ገንዘብ የለም የሚለውን ምክንያት አንቀበልም፤ ለኩሬና ለሣር ቦይ ዶማና ጉልበት ይበቃል። በአሜሪካ ሲያትል አጠገብ ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ በከተማ ፍሳሽ ደፍርሶ ነበር፤ ከ1963 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ፍሳሹ ወደ ሌላ ቢመለስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራ። የታመመ ሐይቅ ይድናል ማለት ነው።

እንግዲህ ሹሙ የቦይ ፕላን ሲፈርም «ይህ ውሃ ከዚህ ወጥቶ የት ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መምህሩም ተማሪዎቹን በክረምት መግቢያ የጎርፉን መንገድ ተከትለው እንዲያዩ ያድርግ። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም።